ረጅምና ቀጭን ዛፍ ለጠባብ ግቢ፤ የችግኝ ሻጭና ገዢ ኀላፊነት

የከተማ ቦታ ዋጋ ከፍ ባለ መጠን የመደብሩም የመኖሪያ ቤቱም ግቢ እየጠበበ መሄዱ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው በአጥሩና በግድግዳው መካከል በቀረችው ጥቂት ሜትር ላይ ግርማ የሚሰጥ፣ የመንገድን አቧራና የጎረቤትን መስኮት የሚከልል ዛፍ በሻ ጊዜ፣ ምርጫው ወደ ላይ በሚረዝምና ወደ ጎን በማይሰፋ ተክል ላይ ማረፉ የሚገባ ነው። አሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ግን የሚገዛውን ዕቃ ጠንቅቆ ማወቅ ነው።

ችግኝ ከሌላው ሸቀጥ የሚለይበት ጠባይ አለው። ጨርቅ የገዛ ሰው ጉድለቱን በሳምንት፣ ሚዛን የገዛም በወር ያውቀዋል። የችግኝ ጉድለት ግን የሚገለጠው ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሥሩ አጥር ሲገፋ ወይም ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ሲነካ ነው። በዚያን ጊዜ ሻጩን ማን ያገኘዋል? ይህ በመሆኑ የችግኝ ንግድ ከማናቸውም ንግድ ይልቅ በትክክለኛ ስምና በታማኝነት ላይ መቆም አለበት እንላለን።

ለአብነት «ጽድ» የሚለውን ስም እንመልከት። ገዢው ጽድ ስጡኝ ሲል ሦስት ልዩ ልዩ ዛፎች ሊቀርቡለት ይችላሉ። አንደኛው በደጋ ደኖቻችን የሚበቅለው የአገራችን ጽድ ነው። እርሱ በልጅነቱ ሾጠጥ ብሎ ቀጥ ይላል፤ ነገር ግን አዝጋሚ ነው፤ ሲያረጅም አናቱ ይሰፋል፤ ቁመቱም 30 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሁለተኛው የፈረንጅ ጽድ የምንለው፣ መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነው ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ እየተከረከመ ለአጥር ያገለግላል፤ ከመከርከም ከቦዘነ ግን ጎኑ ብዙ ሜትር ይዘረጋል። ሦስተኛው በኢጣልያ በቶስካና ኮረብቶች ላይ እንደ ዓምድ ተተክሎ የሚታየው የሜዲትራኒያን ጽድ ነው። ይህ ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሜትር ሲደርስ፣ ቀጭኑ ዓይነት ወርዱ ከ1 እስከ 2 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ለጠባብ ግቢ ከሦስቱ የሚስማማው ይኸው ነው። ሆኖም ከዘር የበቀለው ሁሉ ቀጭን አይሆንም፤ ጎኑን የሚዘረጋም ይወጣበታል። የታመነው ቀጭን ከሆነ እናት ዛፍ በቁርጥራጭ ወይም በማዳቀል የተባዛው ነው። ይህንን ደግሞ ገዢው በዓይኑ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

ፈጥኖ ማደግን ብቻ አይቶ መግዛት የሚያስከትለውን በውጭ አገር የታየ ምሳሌ ያስረዳል። የሎምባርዲ ፖፕላር የተባለው ቀጭን ዛፍ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ከሰሜን ኢጣልያ ተነሥቶ በአውሮፓ ተስፋፋ፤ በ1784 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። ከቁርጥራጭ በቀላሉ ስለሚበቅልና በጥቂት ዓመት ስለሚረዝም ብዙ ተሸጠ። ውሎ አድሮ ግን ግንዱን በሽታ አቈሰለው፤ ዕድሜው አጠረ፤ ሥሩም ውሃ ፍለጋ የቧንቧ መስመር እያበላሸ ባለቤቶቹን አስመረረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በዛፍም ይሠራል። የእኛም ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ በማገዶና በቤት ሥራ ባለውለታ መሆኑ የማይካድ ነው፤ ነገር ግን ያን ያህል የሚረዝምና ውሃ የሚሻ ዛፍ ቦታው ሰፊ መስክ እንጂ የመደብር ጓሮ አይደለም።

ችግኝ ከውጭ ለሚያስመጡ ወገኖች ደግሞ ሌላ ማሳሰቢያ አለን። የጽድን ቅርንጫፍ የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በ1928 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ታወቀ፤ በ1951 እ.ኤ.አ. በፍሎረንስ አካባቢ ታየ፤ ከዚያም በቶስካና እጅግ ብዙ ዛፍ አጠፋ። የኢጣልያ ተመራማሪዎችም በሽታውን የሚቋቋሙ ዓይነቶችን መርጠው አባዝተዋል። የጽድን ጭማቂ የሚመጥጠው ተባይ በበኩሉ በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በኬንያ ተገኝቶ ብርቱ ጕዳት አድርሷል። ስለዚህ አስመጪው የጤና ምስክር ወረቀት የሌለውን ችግኝ አይቀበል፤ በሽታ የሚቋቋመውንም ዓይነት በስሙ ጠርቶ ይዘዝ። አንድ የታመመ ሳጥን የሚያመጣው ኪሳራ በአስመጪው ብቻ ሳይወሰን ለደናችንም ይተርፋል።

ጽድ ብቻ መፍትሔ ነው ማለታችን አይደለም። ለሞቃት ቈላ ከተሞች ከህንድና ከስሪላንካ የተገኘው፣ ቅጠሉ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ቀጭኑ ፖሊያልቲያ ይስማማል። ግራቪሊያም ከብዙዎቹ ዛፎች ይልቅ ሰብሰብ ያለ ነው፤ ነገር ግን ቅርንጫፉ በነፋስ ስለሚሰበር ከጣሪያ መራቅ አለበት። ቀርከሃ የሚመርጥ ሰው የደጋው ቀርከሃ ሥሩን በምድር ውስጥ እየሰደደ እንደሚስፋፋ፣ የቈላው ግን በአንድ ቦታ ተጠጋግቶ እንደሚበቅል ይወቅ።

በችግኝ ላይ ይህን ሁሉ መጻፍ ዋጋ ያስወድዳል፣ ገዢው የሚፈልገው ርካሹን ነው የሚሉ አይጠፉም። ቡናችንን «ቡና» ብለን ብቻ ለውጭ ገበያ አናቀርብም፤ የበቀለበት አገርና ደረጃው ይነገራል፤ ዋጋ የሚያወጣውም ይኸው ነው። አንዲት ወረቀት በችግኝ ላይ ማሰር የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ በግድግዳ ሥር ያደገን ዛፍ ማስቈረጥና የተሰነጠቀ አጥር ማሳደስ ግን ከችግኙ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ስለሆነም ሻጮች በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ ሦስት ነገር እንዲጽፉ እናሳስባለን፤ እነዚህም ትክክለኛ ስሙ፣ ሲያድግ የሚደርስበት ቁመትና ወርድ፣ ከዘር ወይም ከቁርጥራጭ መብቀሉ ናቸው። ገዢዎችም ከመግዛታቸው በፊት ቦታቸውን በሜትር ይለኩ፤ ቀና ብለው ሽቦውን ይመልከቱ፤ ውሃ የማይተኛበትን አፈር ይምረጡ። ጽድ እስከ ደረቁ እንጨት ከተቈረጠ መልሶ አያቈጠቍጥምና፣ በመቀስ አቀጥነዋለሁ ብሎ ሰፊውን መግዛት ከንቱ ድካም ነው። የዛሬ ገዢ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዛፉን ቀና ብሎ አይቶ የሻጩን ስም በምስጋና የሚያነሣ ከሆነ፣ ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም።