ኮምፓሱን ማን አሳተው?

አዲስ ቤት የገባ ቤተሰብ አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ቂብላው በየት በኩል ነው?» የሚለው ነው። ኮምፓስ ይወጣል። መርፌው መስኮቱ አጠገብ አንድ አቅጣጫ፣ ከኮንክሪቱ ምሰሶ ጎን ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ሲያሳይ ግን ሰው ግራ ይጋባል። ኮምፓሱ ተበላሽቶ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ጥፋቱ የጎረቤቱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ማግኔት ሲቀርበው ፈጽሞ ምላሽ የማይሰጥ ቁስ የለም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በመጠኑ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ማግኔት የመቀበል ዝንባሌ በቁጥር ይለኩታል። መዳብና ውሃ በጣም በደከመ ኃይል ከማግኔት ይሸሻሉ፤ የውሃ ዝንባሌ ከዜሮ በታች ሆኖ መጠኑ ከመቶ ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። (እ.ኤ.አ. በ1997 በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በኃይለኛ ማግኔት ሕያው እንቁራሪት በአየር ላይ ያንሳፈፉት በዚሁ ሽሽት ነው፤ አካሏ አብዛኛው ውሃ ነውና።) አሉሚንየም በአንጻሩ ከመቶ ሺህ ሁለት ያህል ይሳባል። የብረት ዝንባሌ ግን በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራል።

ለምን? የብረት አቶሞች እያንዳንዳቸው ጥቃቅን ማግኔቶች ናቸው። በብረቱ ውስጥ በዓይን በማይታዩ ክፍሎች ተከፋፍለው፣ በየክፍላቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል። ክፍሎቹ ግን በየፊናቸው ስለዞሩ ኃይላቸው እርስ በርስ ይጣፋል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሶፍ አስተካክሎ ወደተለያየ ማዕዘን እንደቆመ ቁጠሩት። ማግኔት ሲቀርብ፣ ከእሱ ጋር የተስማሙት ክፍሎች ይሰፋሉ፤ ሌሎቹም ይዞራሉ። ያን ጊዜ ብረቱ ራሱ ማግኔት ሆነ ማለት ነው። ለስላሳ ብረት ማግኔቱ ሲርቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የጠነከረ ብረት ግን እንደተሰለፈ ይቀራል፤ ካቻቢቴ ቡሎን አንጠልጥሎ የሚያነሳው ለዚህ ነው። ብረቱን እስከ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብታግሉት ሰልፉ ይበተናል።

የኮምፓስ መርፌም እንዲሁ ተሰልፎ የቀረ ብረት ነው። የየመኑ አል-አሽረፍ ዑመር፣ ገና ሡልጣን ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. 1290 ገደማ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ መርፌ ቂብላን ስለማወቅ ጽፏል። መርፌውን የሚመራው የምድር የማግኔት ኃይል ነው፤ እሱ ደግሞ እጅግ ደካማ ነው። ፍሪጅ ላይ የምንለጥፋት ማግኔት እንኳ በቅርብ ከመቶ እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች። ታዲያ በምሰሶው ውስጥ ያለው ፌሮ፣ የብረቱ በር፣ የመኪናው አካል፣ የቴፑ ድምፅ ማጉያ መርፌውን ቢጎትቱት ምን ይገርማል? የሞባይሉ ኮምፓስም ከዚህ አያመልጥም።

ከአዲስ አበባ ቂብላ ከሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። መርፌው 20 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ቢስት፣ መስመሩ መካን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ስቶ የሱዳን በረሃ ላይ ያርፋል። ሑክሙን ለዑለማዎች እንተወውና፣ ኮምፓሱን ሜዳ ላይ፣ ከብረት ርቃችሁ፣ በሦስት ቦታ ሞክሩት። ሦስቱም ከተስማሙ እመኑት።

ብረት የማይነካው መንገድም አለ። በየዓመቱ ግንቦት 19 ወይም 20 ቀን ከቀኑ 6፡18፣ ሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን ደግሞ 6፡27 ላይ ፀሐይ ከካዕባ አናት ትቆማለች። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ያለ እንጨት አቁሙ። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው።