ከበርበሬው በፊት

በዚህ እትም ስለ አንድ ሻንጣ ላጫውታችሁ።

ሰፈራችን አስኮ ነው። ባለፈው ዓመት አክስቴ አሜሪካ ያለችው ልጇ ወልዳ ልታርሳት ተነሣች። መቼስ እናት ለልጇ አራስ ቤት ስትሄድ ቤቱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ የገንፎ ዱቄቱ በኪሎ እየተመዘነ ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከርን። አክስቴ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን የምትወጋ የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን ግን ያነሣ የለም። እሷም አላነሣችም። እንዲያውም ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊንና መርፌዎቿን በፎጣ ጠቅልላ ከሽሮው ሥር የደበቀችው ራሷ ናት። «መርፌ ይዤ ስገባ ፈታሾቹ ቢይዙኝስ?» ብላ።

ሻንጣው መንገድ ላይ ቀረ፤ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ልጅቷ ደግሞ እናቷ ክኒን ብቻ የምትውጥ ይመስላት ነበር። አፏ ሲደርቅ፣ ሽንት ቤት ስትመላለስ፣ ከዚያም መነሣት ሲያቅታት ባልየው ሮጦ የስኳር መለኪያ ገዛ። ማሽኑ ቁጥር ትቶ በእንግሊዝኛ «ሃይ» ብሎ ጻፈ። «ሰላም አለኝ እንዴ?» ማለቷን ስትተርክ ዛሬም ትስቃለች። ስኳሯ ማሽኑ ከሚቆጥረው በላይ ሆኖ ነው። አራሷ እናቷን ደግፋ ድንገተኛ ክፍል ገባች። ማን ማንን እንዳረሰ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

እኔ የምለው ጥፋቱ የእኛ የቤተሰቡ ነው። ሻንጣ ይጠፋል፣ የታወቀ ነው። ኢንሱሊን ግን ሻንጣ ውስጥ ምን ያደርጋል? በጭነት ክፍሉ ቅዝቃዜ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም። መርፌውም ቢሆን ከመድኃኒቱና ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ተይዞ አውሮፕላን መግባት ይፈቀዳል። ይህን አንድ ሰው ቢነግራት ኖሮ አትደብቀውም ነበር። ግን ማን ይንገራት? ስኳር እንዳለባት የምናወራው በሹክሹክታ ነው።

ሌላው የቁጥር ነገር ነው። የምትቆየው 6 ወር ነበር። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ብልቃጥ 1000 ዩኒት አለው። በቀን 30 ዩኒት ለሚወጋ ሰው ከወር ያልፋል፤ ሆኖም ከተከፈተ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ ቢተርፍም መጣል አለበት። ስለዚህ 6 ወር ማለት 7 ብልቃጥ ነው፤ ለክፉ ቀን የሚሆነው ሳይቆጠር። እሷ የያዘችው 2! የምትከታተልበት ጤና ጣቢያ በየወሩ ነው የሚሰጣት። የስድስት ወር በአንዴ ካልሰጣችሁኝ ማለትም አይቻልም፤ ለሌላው ምን ይቀራል? እና ቪዛው እንደተመታ ከሐኪሟ ጋር ተመካክሮ ቀሪውን ከግል ፋርማሲ ቀስ እያሉ መግዛት ነበረብን። እኛ ግን ያን ጊዜ በርበሬ እያስፈጨን ነበር።

እዚያ ትገዛለች እንዳትሉ። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የአሜሪካ መድኃኒት ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። የሚገርመኝ፣ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች በ1923 እ.ኤ.አ. የኢንሱሊንን የፈጠራ መብት ለዩኒቨርሲቲያቸው የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነው። የድሮውን ዓይነት በርካሽና ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ፋርማሲዎች በብዙ ግዛቶች እንዳሉ የእህቴ ልጅ አባት... ይቅርታ፣ የአክስቴ ልጅ ባል የሰማው ዘግይቶ ነው።

እስከዚያው እኛ አስኮ ሆነን «የሚሄድ ሰው» ፍለጋ ያዝን። የሚሄድ ሰው መቼም አይጠፋም። አምስት ኪሎ ሽሮ ያለ አንድ ጥያቄ የሚቀበል ሰው ግን አራት ብልቃጥ መድኃኒት ሲያይ «በኋላ ጣጣ እንዳያመጣብኝ» ይላል። አልፈረድንበትም፤ የሐኪም ደብዳቤ እንኳ አላያያዝንለትም ነበር። በሦስተኛው ሰው ተላከላት።

ሰዓቱንም አንርሳ። በበጋቸው ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የአስኮ የማታ 12 ሰዓት መርፌ እዚያ ገና ረፋድ ላይ ይውላል። አክስቴ የእጅ ሰዓቷን ሳትቀይር በአስኮ ሰዓት ስትወጋ፣ ምግቧን ግን በአሜሪካ ሰዓት ስትበላ ሰነበተች። በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ ስኳሯ ወርዶ አልቧት ተንቀጥቅጣለች። ይህም ቢሆን ከመሄዷ በፊት ሐኪሟን በአምስት ደቂቃ የሚጠየቅ ነበር።

ልጅቷ ሁለተኛዋን አርግዛለች፤ አክስቴም መሄዷ አይቀርም። ባለፈው ቅዳሜ «በርበሬው መቼ ይዘጋጅ?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ እስክሪብቶና ወረቀት አምጥታ «መጀመሪያ ብልቃጡን እንቁጠር» አለቻት። አክስቴ ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ።