የዘገየውን ልጅ ለጠበቀ መምህር የሚገባ ምስጋና



ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፥ በመካነ ኢየሱስና በእስቴ ገጠር፥ በጋይንትና በስማዳም ሙልሙል ይጋገራል፤ ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል። አባቶች እንደሚነግሩን፥ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ በአካባቢው ከብት ይጠብቁ የነበሩ ልጆች መምሸቱን ሳያውቁ በዚያው ቈዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፥ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። እንግዲህ በዓሉ የዘገየ ልጅ የሚፈለግበት በዓል ነው ቢባል ከነገሩ አይርቅም።

በአብነት ትምህርት ቤትም ይህ ቀን የተማሪ በዓል ነው። ወላጅም ልጁ ዳዊት በደገመ ጊዜ ድግስ ደግሶ መምህሩን ማክበሩ የቈየ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ልጁ በፊደል ላይ ሁለት ዓመት የቈየበት ወላጅ ከመምህሩ ፊት አፍሮ ይሸሻል፤ ምስጋናውንም ልጁ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ያዘገየዋል። አብዝቶ የደከመው ግን የዘገየውን ልጅ የያዘው መምህር ነው።

በዚህ በመካነ ኢየሱስ የማውቃት አንዲት እናት አለች። ልጅዋ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ይወርደዋል፤ በስንደዶ አንዱን ፊደል ለይተው ሲያሳዩት ግን ዝም ይላል። ጎረቤት ደንቆሮ አለው፤ አባቱም ከብት ይጠብቅ ብሎ ቈርጦ ነበር። መምህሩ ግን ልጁን ከኋላ ወንበር አንሥቶ ከሰሌዳው ፊት አስቀመጠው፤ ዐይኑም እንዲታይ ወደ ጤና ጣቢያ አስላከው፤ ከትምህርት በኋላም ፊደሉን እያቀላቀለ ለብቻው አስጠናው። በበዓሉ ማግሥት እናቲቱ ሙልሙልዋን ይዛ ሄደች፤ «መምህር፥ ልጄ ገና አቀላጥፎ አያነብም። ነገር ግን ደብተሩን ከሰው መደበቅ ትቷልና ይህን ይቀበሉኝ» አለችው። ምስጋና እንዲህ ያለ ነው፤ ፍሬውን ሳይጠብቅ ድካሙን ያያል።

የጥንት መምህራንም ይህን የልጆች ችግር ያውቁት ነበር። ሀሁን በተራው የሸመደደ ሁሉ ፊደል ለየ ማለት አይደለምና፥ አቡጊዳን አከሉበት። አ ግእዝ፥ ቡ ካዕብ፥ ጊ ሣልስ፥ ዳ ራብዕ እያለ ተራውን እያፈራረቀ የሚሄደው ይህ ሰንጠረዥ፥ ልጁ በዜማ ልማድ ሳይሆን በዐይኑ ለይቶ እንዲያነብ ያስገድደዋል። በዘመናችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ ለማስተማሪያ ያዘጋጁትንም ዘዴ አቡጊዳ ፎነቲክስ ብለው ሰየሙት። ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም፥ አንዲት እናት ለልጅዋ የፈለገችው በር ለብዙዎች ተከፍቷል።

ስለ ቅዱስ ያሬድም ለልጆቻችን ዘወትር እንነግራቸዋለን። ትምህርት አልገባ ብሎት በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ተገርፎ ሸሸ፤ ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ስትደርስ አይቶ ተጽናንቶ ተመለሰ። የታሪኩን ሌላ ገጽ ግን እንዘነጋዋለን። ያሬድ ሲመለስ አባ ጌዴዎን በሩን አልዘጋበትም፤ ተቀብሎ እንደ ገና አስተማረው እንጂ። ትሏ ትዕግሥትን ለልጅ ታስተምራለች፤ የአጎትየው መቀበል ደግሞ ለወላጅና ለመምህር የተጻፈ ትምህርት ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልገናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ልጆች ለዓመታት ከትምህርት ገበታ ራቁ። ዕድሜው የገፋ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ ሲያነብ ያፍራል፤ የሚያፍርም ልጅ ጥያቄ አይጠይቅም። ስለዚህ ልጅ ሲዘገይ ሰነፍ ነው ከማለት በፊት ምክንያቱን እንፈልግ። ዐይኑን የትራኮማ ሕመም ይዞት ይሆን? ጆሮው አልሰማ ብሎ ይሆን? ቁርስ ሳይቀምስ ይሆን የሚሄደው? ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግርም ቢሆን ከአእምሮ ማነስ የሚመጣ አይደለም፤ ዘዴና ጊዜ የሚሻ ነው እንጂ።

በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሲያነብ መስማት፥ የማያነብ ወላጅ እንኳ ሊያደርገው የሚችል እርዳታ ነው። ከታናሹ ጋር አለማነጻጸር፥ በስሕተቱ አለመሳቅ፥ ወደ መምህሩም በወር አንድ ቀን ሄዶ «ልጄ ምን ይቸግረዋል?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ከለምጻቸው ከነጹት ከዐሥሩ ሰዎች ለምስጋና የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ በወንጌል ተጽፏል። እኛ ከዘጠኙ ወገን አንሁን። በመጪው በዓል ሙልሙሉ ሲጋገር አንዱን ልጃችን ገና ላልጨረሰለት መምህር እንለይለት፤ ስንሰጥም ከልጁ ጋር እንሂድ፤ የተደከመለት ልጅ እንደሚመሰገንበት ይወቅ።

ልጆቻችንን በጥበብ፥ መምህሮቻቸውንም በጤና ይጠብቅልን።