ማሽኑ «ተበላሸ» ከማለታችን በፊት

አንድ የእንጨት ሥራ ማሽን ሲቆም ከአብዛኞቻችን አፍ ቶሎ የሚወጣው ቃል «ተበላሸ» የሚለው ነው። «ተበላሸ» ከተባለ በኋላ ነገሩ አለቀ። ማሽኑ ሸራ ይለብሳል፤ ከጥግ ይቆማል፤ ቀስ በቀስም የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ለመሆኑ ምኑ ተበላሸ? መቼ? ምን ሲሠራ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ነገ ከልጆች ፊት የምንቆም ሠልጣኞች ይኸን ልማድ ይዘን ከዚህ ግቢ ብንወጣ ለተማሪዎቻችን የምናወርሰው ያንኑ ነው።

አስተያየቴ ባጭሩ ይኸ ነው። በየቤቱ ጓሮ ባሉ አነስተኛ ወርክሾፖች ካየኋቸው የማሽን ችግሮች ብዙዎቹ ከማሽኑ ሳይሆን ከአተካከሉ የመጡ ናቸው። በመሆኑም የእንጨት ሥራ ትምህርት መጀመር ያለበት ማሽን አስነሥቶ ጣውላ ከመግፋት ሳይሆን ማሽኑን አስተካክሎ ከመትከልና ሲያስቸግር መንሥኤውን ከመፈለግ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በየከተማችን በመኖሪያ ቤት ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩ አናጢዎች ጥቂቶች አይደሉም። አልጋችንም በራችንም የሚወጣው ከእነሱ እጅ ነው። ከእነዚህ አንዱ መጋዙን፣ መላጊያውንና መብሻውን ባንድ አካል የያዘ ያገለገለ ማሽን ይገዛል እንበል። ገንዘቡ የዓመታት ቁጠባ ወይም የእቁብ ዕጣ ነው። ማሽኑ በመኪና ይመጣል፤ አምስት ስድስት ሰው ተረዳድቶ ያወርደዋል፤ ከዚያ እዚያው በተራገፈበት ቦታ ሽቦ ይቀጠልለትና «በል አስነሣው!» ይባላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከባድ ማሽን ከሁሉ በፊት ደልዳላ መሬት ይፈልጋል። አካሉ ጊዛ ስለሆነ የማይበገር ይመስለናል እንጂ ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ ሲቆም ይናወጣል፣ ይጣመማል። ጉልቻ ሦስት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት እግር ያለው ነገር የትም ቢያስቀምጡት አይናወጥም፤ በጂኦሜትሪ እንደተማርነው ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉና። አራት እግር ያለው ማሽን ግን ወለሉ ፍጹም ልክ ካልሆነ አንዱ እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያን የተንጠለጠለ እግር በብሎን ጉልበት ወደ መሬት ስንጎትተው አካሉ ይጠማዘዛል፤ ከአካሉም ጋር ጠረጴዛው ይጣመማል። ከዚያ «ይኸ ማሽን ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም» ብለን እናማዋለን። መፍትሔው ውድ አይደለም። ወለሉን ኮንክሪት መሙላት፣ ውሃ ልክ በቁመትም በአግድምም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ማየት፣ ባጠረው እግር ሥር የላሜራ ቁራጭ መክተት፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ብሎኑን ማጥበቅ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው መብራት ባብዛኛው ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ነው። ከከባድ ማሽኖች ብዙዎቹ ግን ለባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት የተሠሩ ናቸው። ይኸ ሁሉ በዲናሞው ጎን በተለጠፈችው ትንሽ ታርጋ ላይ ተጽፏል፤ ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ሳይቀር። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ዑደት አለው። ለ60 ዑደት የተሠራ ዲናሞ እዚህ ሲመጣ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ ታርጋው ላይ 1750 የሚለው ወደ 1450 ዙር ይወርዳል። ገዢው ታዲያ «ሰነፍ ማሽን ሸጡልኝ» ይላል። ማሽኑ አልሰነፈም፤ ታርጋዋን ያነበበ ሰው ጠፋ እንጂ።

እዚህ ላይ የአጎቴን ማሽን ጉዳይ ላንሣ። ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ነው። ባዶውን ሲሆን ይዞራል፤ ዋንዛ ሲያቀምሱት ግን ያጓራና ቀጥ ይላል። አንድ ጠጋኝ «ዲናሞው ደክሟል» ብሎ ሽቦውን እንደ አዲስ ጠመጠመው። ገንዘብ ተከፈለ፤ ማሽኑ ያው ነው። ሌላው መጥቶ ኩሺኔታውን ለወጠ፤ አሁንም ያው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ማለት ይኸ አይደል? በመጨረሻ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጣና ማሽኑን ትቶ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተከተለ። ከቆጣሪው እስከ ጓሮው 30 ሜትር ያህል የተዘረጋው ገመድ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር።

ሒሳቡን ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። የዚህ ዓይነት የመዳብ ገመድ በ1000 ሜትር 12 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 60 ሜትር ሲሆን 0.7 ኦም ይመጣል። ማሽኑ በሥራ ላይ 15 አምፔር ቢስብ 11 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲነሣ ወይም እንጨት ሲጠነክርበት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይስባል፤ መንገድ ላይ የሚቀረውም በዚያው ልክ ይጨምራል። በዚህ ላይ የሰፈሩ መብራት ራሱ ደከም የሚልበት ሰዓት አለ። የዲናሞ ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል እንዳይመስለን፤ የሚወርደው በስኩዌሩ ነው። 220ው 180 ቢሆን ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። ገመዱ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ተለወጠ፤ ማሽኑም ዋንዛውን እንደ ጎመን ይከትፈው ጀመር። ሁለት ጊዜ የወጣው የጥገና ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ችንጋውም የራሱ ነገር አለው። ችንጋ ሲንሸራተት ይጮሃል፤ የላስቲክ ጭስ ይሸታል። ብዙ ሰው ያጠብቀዋል። አሁንም ይጮሃል፤ አሁንም ያጠብቀዋል፤ መጨረሻ ላይ ኩሺኔታው ያልቃል። ከማጥበቃችን በፊት አንድ ሲባጎ ከዲናሞው ፑሌጃ እስከ ማሽኑ ፑሌጃ በጎናቸው ወጥሮ ማየት ይበቃል። ሲባጎው የሁለቱንም ጎን ደልደል ብሎ ካልነካ ችንጋው የሚሄደው በሰያፍ ነው። ችግሩ መላላት ሳይሆን መጣመም ነውና ቢያጠብቁት የሚብስ እንጂ የሚሻለው የለም።

የመላጊያው ጣጣ ደግሞ ራሱ ይናገራል፤ ጣውላውን ማንበብ ነው። ጣውላው ሲወጣ መጨረሻው ላይ ጎድጎድ ብሎ ከተበላ ቢላዋው ከመውጫው ጠረጴዛ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ጣውላው ከመውጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ አልሄድ ካለ ደግሞ ቢላዋው ዝቅ ብሏል። ማረሚያው አንዲት ቀጥ ያለች እንጨት ናት። መጀመሪያ መሰኪያውን መንቀል፤ ከዚያ እንጨቷን በመውጫው ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ የቢላዋውን ሲሊንደር ችንጋውን በእጅ እየሳቡ በቀስታ ማዞር። ቢላዋው እንጨቷን ሳያነሣት ዳሰስ አድርጎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከገፋት ልክ ነው። በግራም በቀኝም፣ በእያንዳንዱም ቢላዋ እንዲሁ ማድረግ፤ ሁሉም እኩል እስኪገፉ ድረስ።

ከሁሉ የከፋው ግን የክብ መጋዙ ነው። እንጨቱ ተጠግቶ የሚሄድበት መሪ ከመጋዙ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። መሪው ከኋላ ከጠበበ እንጨቱ በመሪውና በመጋዙ መካከል ይጨመቃል። የመጀመሪያው ምልክት የተቃጠለ እንጨት ሽታና በጣውላው ጎን ላይ የሚቀር ጥቁር ጠባሳ ነው። ሰው ግን «ጥርሱ ደንዝዟል» ብሎ ያስሞርዳል። ተሞርዶም ያቃጥላል። ከዚያ ሠራተኛው በደረቱ መግፋት ይጀምራል፤ መከለያውም «አላሳይ አለኝ» ተብሎ ይነሣል። የተጨመቀው እንጨት አንድ ቀን በመጋዙ ጥርስ ተነጥቆ ወደ ገፊው ይወረወራል፤ የሚገፋው እጅም ድንገት ባዶ ስለሚሆን ወደ ጥርሱ ይሄዳል።

በሰፈራችን አንድ አናጢ ሁለት ጣቶቹን ያጣው በዚህ መንገድ ነው። ሰው «ዕጣ ፈንታው ነው» አለ። እኔ ግን ዕጣ ፈንታ አልለውም። በኋላ ሲለካ መሪው ከኋላ በ3 ሚሊ ሜትር ጠብቦ ተገኘ። ይኸ መሰኪያው ተነቅሎ፣ በአንድ የመጋዝ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ጥርሱን በእጅ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ አዙሮ ከመሪው ያለውን ርቀት በመለካት በአምስት ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ነው። ያልተስተካከለ ማሽን ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ደግሞ እጅን ወደ ጥርስ ያቀርባል። ስለ አተካከል የምንጨነቀው ለማሽኑ ብለን አይደለም፤ ለሰው እጅ ብለን ነው።

እንግዲህ ችግር ሲፈጠር አፈላለጉ ሥርዓት ይኑረው። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መርፌ አይወጋም። አንደኛ፣ መሰኪያውን መንቀል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ደህና ከነበረበት ቀን ወዲህ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ፤ ቦታው ነው? ገመዱ ነው? ቢላዋው ነው? ሦስተኛ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ። አራተኛ፣ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት። ሦስት ነገር ባንድ ላይ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢድንለት እንኳ በምን እንደዳነ አያውቅም።

ምልክቶቹም የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ማሽኑ ጭራሽ ድምፅ ካላሰማ ፊውዙን፣ መሰኪያውንና ማብሪያውን ማየት ነው። እያጓራ አልዞር ካለ ቶሎ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የዲናሞው ሽቦ ይቃጠላል። ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ ካፓሲተሩ ያጠራጥራል፤ እሱ ደግሞ መብራቱ ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በእጅ አይነካም፤ የባለሙያ ሥራ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ አንዱ ፌዝ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ የሚዞር ባለ ሦስት ፌዝ ዲናሞ ደግሞ አልተበላሸም፤ ባለሙያው ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ቢያለዋውጣቸው ይቃናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ መምህራን እንጂ መካኒኮች አይደለንም» ይላሉ። አባባሉ አዲስ አይደለም። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። ዛሬ ማንም ባለሙያን ፊት ለፊት አይሰድብም፤ ነገር ግን እጃችን ግራሶ ሲነካ የምናፍር ብዙ ነን። ደግሞስ መንሥኤን መፈለግ የመካኒክ ብቻ ሥራ ነው ያለው ማን ነው? ክፍልፋይ መደመር ያቃተውን ልጅ «ሰነፍ ነው» ብሎ ከኋላ ወንበር የሚያስቀምጥ መምህርና ማሽኑን «ተበላሸ» ብሎ ሸራ የሚያለብስ ሰው ምን ይለያቸዋል? ልጁ ምናልባት ማባዛቱ ላይ ነው የተሰናከለው፤ ምናልባትም ሰሌዳው አይታየውም። ማሽን ላይ መጠየቅ የለመደ መምህር ልጅም ላይ ይጠይቃል።

ሌሎች ደግሞ «ማሽን አደገኛ ነው፤ ሠልጣኝ ባይከፍተው ይሻላል» ይላሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም ከላይ የዘረዘርኩት ምርመራ ባብዛኛው የሚካሄደው መሰኪያው ተነቅሎ በሲባጎ፣ በጠመኔ፣ በማስመሪያና በውሃ ልክ ነው። አደገኛው ማሽኑን የማያውቅ ሰው በሚሠራ ማሽን ፊት መቆሙ ነው።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንም ለእኛም ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የሠልጣኝ ቡድን ማሽን ከማስነሣቱ በፊት መምህሩ ባሉበት ውሃ ልኩን፣ ችንጋውን፣ መሪውንና ቢላዋውን በየተራ ይመርምር። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ ደብተር በሲባጎ ይንጠልጠል፤ መቼ ምን ምልክት እንዳሳየ፣ ምን እንደተደረገና ምን እንደተገኘ ይጻፍበት። «ተበላሸ» የሚለው ቃል ግን ለብቻው እንዳይጻፍበት። ሦስተኛ፣ በጓሮው ለብዙ ዓመት የሠራ አንድ አናጢ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ተጋብዞ ያስተምረን፤ እኛም ሜትርና ሒሳባችንን ይዘን ጓሮው ድረስ ሄደን እንርዳው። እሱ ድምፅ ሰምቶ ያውቃል፤ እኛ ለክተን እናውቃለን። ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ማሽን ሸራውን ያወልቃል፤ ብዙ ጣትም ከነባለቤቱ ይቆያል።

ከአንድ የ2ኛ ዓመት ሠልጣኝ