የይሓ ግንብ ባለቤት ባይቀይር ኖሮ

ናይሮቢ ጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ የዩኔስኮ የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮ አለ። በቅርስ ባለሙያዎች ዘንድ ግን የናይሮቢ ስም የሚነሣው በቢሮው ሳይሆን በአንድ ሰነድ ነው። የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1976 በዚሁ ከተማ ተሰብስቦ ስለ ታሪካዊ ስፍራዎች ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ጥገና ብቻውን እንደማይበቃ፣ ተገቢው ነባር አገልግሎት መቀጠል፣ አዲስም መጨመር እንዳለበት አስፍሯል። ሰነዱ በዋናነት ያሰበው ሰው የሚኖርባቸውን አሮጌ ሰፈሮች ነው። የእኛን አገር ክርክር ግን በቀጥታ ይነካል። «ጥንታዊ የእምነት ቤት ከአገልግሎት ወጥቶ፣ ታጥሮ፣ ለጎብኚና ለተመራማሪ ብቻ ይተው» የሚል አስተሳሰብ በተማረው ሰው ዘንድ ሥር ሰዷል። ይሓን ያየ ሰው ግን ይህን ለመቀበል ይቸገራል።

ከአድዋ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ የቆመው ትልቁ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ፣ ሳባውያን ለሚያመልኩት አልመቃህ የተሠራ ነው። ድንጋዩ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ ተገጣጥሞ ከ10 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ መገጣጠሚያው በቅርብ ሲታይ የተወጠረ ክር ይመስላል። አልመቃህን የሚያመልክ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ ክርስቲያኖች ገቡበት፤ የጥምቀት ገንዳም አበጁበት። ትውፊቱ ነገሩን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ከሆኑት ከአባ አፍፄ ጋር ያያይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግንቡን ቆሞ አግኝቶታል። ዛሬ ቅዳሴው የሚሰማው ከግንቡ አጠገብ ካለው የአባ አፍፄ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን የፊት ግድግዳ ላይ ቀንዳቸው የተቆለመመ ዋልያዎች የተቀረጹባቸው ድንጋዮች ገብተዋል። ዋልያ የአልመቃህ እንስሳ ነበር። ድንጋዩን ያነሣው ግንበኛ ይህን ይወቅ አይወቅ፣ ጣዖት ነው ብሎ አልሰበረውም፤ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰካው እንጂ።

ማነጻጸሪያው ሩቅ አይደለም። እዚያው ይሓ ውስጥ ግራት በዓል ገብሪ የሚባል፣ ምናልባትም በዕድሜ ቤተ መቅደሱን የሚቀድም ታላቅ ሕንፃ ነበር። ከፊት ለፊቱ የቀረው የስድስት ዓምዶች ጉቶ ነው። እርግጥ ያ ሕንፃ ድንጋይና እንጨት ተቀላቅሎ የተሠራ ስለ ነበር እሳት በልቶታል፤ ንጽጽሩ ፍጹም ነው አልልም። ነገር ግን ከቃጠሎው በኋላ እንደገና የሚያነሣው፣ ፍርስራሹንም የእኔ ነው የሚል አልተገኘም። ቤተ መቅደሱ ግን ባለቤት አገኘ። ቄሱ የግቢውን ቁልፍ ያዘ፤ ገበሬውም ከዚያ ግቢ ድንጋይ ነቅሎ ለበረቱ መውሰድን ፈራ። ቅርስ የሚባለው ቃል በሕግ ሳይጻፍ በፊት የነበረው ጥበቃ ይህ ፍርሃት ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከውቅሮ አካባቢ ነው። እዚያ መቃብር ጋዕዋ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ተገኘ። ማንም ሳይገለገልበት አፈር ውስጥ በመቆየቱ የመሥዋዕቱ መሠዊያ ከነጽሑፉ በቦታው ነበር። ይሓ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ተከታዩ እምነት የቀዳሚውን ዕቃ አንሥቷል፣ ድንጋዩንም ለሌላ ሥራ አውሏል። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ማድበስበስ አይገባም። ሆኖም ከውቅሮው የተረፈልን ዕቃው ነው፤ ግድግዳው መሠረቱ ላይ ቀርቷል። አፈር ዕቃ ያቆያል፣ ሕንፃን ግን አቁሞ አያቆይም። ደግሞም አፈር ማንም አስቦበት የሚመርጠው የጥበቃ ዘዴ አይደለም፤ ዕድል ነው።

ሌላው ተቃውሞ አገልግሎት ሁሉ ደግ አይደለም የሚል ነው። ልክ ነው። የአቴኑ ፓርተኖን ቤተ ጣዖት፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም መስጊድ ሆኖ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1687 የፈነዳው ግን ባሩድ ተከማችቶበት በነበረበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው አዲሱ ገቢ ቤቱን እንደ መቅደስ ወይስ እንደ መጋዘን በማየቱ ላይ ነው። በይሓ ካህናቱ በመጀመሪያው ወገን ናቸው። የሻማው ጭስ፣ የበዓል ቀን ግፊያ፣ ሳይጠየቅ የሚለጠፍ ሲሚንቶ ግን እነሱንም ይመለከታል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን የደነገገው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ መሆን አለበት። ግድግዳውን የሚደግፈው መሐንዲስ፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረው አርኪዮሎጂስት ነው፤ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር በዚያ ሲሠራ ቆይቷል። በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ያሉት የሳባ ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች ተመዝግበውና ፎቶ ተነሥተው፣ እርጥበት በማይነካቸው ክፍል መቀመጥ አለባቸው፤ ክፍሉ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ይሁን። የመግቢያው ገንዘብም የተወሰነው እጅ ለግቢው ጠባቂዎች ይድረስ። ቁልፉን በተመለከተ፣ ከአባ አፍፄ ካህናት ወስዶ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ መስጠት የሚፈልግ ካለ፣ ተቀጣሪው ደመወዝ በዘገየበት ወር ግቢውን ማን ጠብቆ እንደሚያድር አስቀድሞ ይንገረን።