የነቀዝ ኪኒን ከገበሬው ቤት ይውጣ

እንደሚታወቀው በቆሎ አብቃይ በሆኑ ወረዳዎቻችን አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ለልማት ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ የነቀዝ መድኃኒት ጥያቄ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ «በየኩንታሉ አንድ ኪኒን ጣልበት» የሚል ነው። ኪኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ በገበያ ላይ ፎስቶክሲን በሚለውና በሌሎችም የንግድ ስሞች ይታወቃል። በዚህ በራሪ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አጭር ነው። ይህ ኪኒን በገበሬው መኖሪያ ቤት ውስጥ ሥራ የለውም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለአባሎቻቸው በችርቻሮ መሸጡን ሊተዉት ይገባል።

አስተያየቱን የምንሰነዝረው ኪኒኑ መርዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በገበሬው ቤት በሚውልበት አኳኋን ነቀዙንም በሚገባ ስለማያጠፋው ጭምር ነው። ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቻችን የመጀመሪያውን ይቀበሉና ሁለተኛውን ይጠራጠራሉ። ስለሆነም ከሁለተኛው እንጀምር።

ኪኒኑ በራሱ ነቀዝ አይገድልም። የሚገድለው ኪኒኑ በአየሩና በእህሉ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ነው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ኪኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ ሥራውን እንዲፈጽም ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም የማያስወጣ ሽፋንና በቂ ጊዜ ናቸው። ጊዜ የሚያስፈልግበት ምክንያት ከነቀዙ አኗኗር የመጣ ነው። እንስቷ ነቀዝ የበቆሎውን ፍሬ በአፏ ትቦረቡርና እንቁላሏን ጥላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ ተፈልፍሎ የሚያድገው እዚያው ፍሬው ውስጥ ነው። በሞቃት አካባቢ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ ሙሉ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ በእህሉ ላይ ሲንቀሳቀስ የምናየው ነቀዝ ከመንጋው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ አለ። ጋዙን በቀላሉ የማይበገርለትም ይኸው የተሸሸገው፣ በተለይ እንቁላሉ ነው።

አሁን ኪኒኑ የሚጣልበትን ዕቃ እንመልከት። ጆንያ ከክሩ መካከል ሁሉ አየር ያስወጣል። በጭቃና በእበት የተለሰነ ጎታም ቢሆን ስንጥቅ አያጣም፤ ክዳኑም ገጥሞ አይዘጋም። ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ የተሠራውን ጎተራ ባናነሣው ይሻላል። ጋዙ ከእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ቶሎ ይወጣል። በላይ ያለው ነቀዝ ይሞትና ገበሬው ደስ ይለዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በፍሬው ውስጥ የነበረው ይወጣና ጎተራው እንደገና ይወረራል። ገበሬውም ሌላ ኪኒን ይገዛል።

ቁጥሩን ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በመጋዘን ውስጥ በደንብ በሸራ ለተሸፈነ ክምር ለአንድ ቶን እህል 2 ወይም 3 ኪኒን በተለምዶ ይበቃል። «በየኩንታሉ አንድ» ማለት ግን በቶን 10 ኪኒን ማለት ነው። ገበሬው ከመጋዘኑ ከሦስት እጥፍ በላይ መርዝ ተጠቅሞ ከመጋዘኑ ያነሰ ውጤት ያገኛል። ጉድለቱ ያለው በሽፋኑ እንጂ በኪኒኑ ቁጥር አይደለም።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ጉዳት አለ። ሳይሞት የተረፈው ነቀዝ መድኃኒቱን የመቋቋም ባሕርይ ያለው ነው፤ ዘሩም እንደዚያው ይሆናል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 በብዙ አገሮች ባካሄደው ጥናት ፎስፊንን የሚቋቋሙ የጎተራ ተባዮች መኖራቸው ታውቋል፤ ከዚያም ወዲህ ችግሩ በብዙ አገሮች እየሰፋ ሄዷል። እንደ ፎስፊን ያለ፣ እህሉን ሳያበላሽ ትልቅ ክምር የሚያጸዳ ሌላ ርካሽ ጋዝ በቀላሉ አይገኝም። በየቤቱ በጆንያ ስናባክነው ለማኅበሩ መጋዘን የምንመካበትን መሣሪያ እያዶለዶምነው ነው።

ወደ ሰዉ ጤና እንመለስ። ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ ሰውንም፣ ከብትንም፣ ዶሮንም ይገድላል። በአብዛኛው የገጠር ቤት እህሉ ያለው ቤተሰቡ በሚተኛበት ጣሪያ ሥር ነው። ማታ በር ተዘግቶ ሕፃናት ከጎታው አጠገብ ሲተኙ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ወዴት ይሄዳል? እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ካርባይድ ያለ ሽታ አለው ይባላል፤ ነገር ግን ሽታውን መተማመን አይገባም፤ የተኛ ሰው አያሸትም፤ ሽታው ሳይሰማም ጉዳት የሚያደርስ ጋዝ በቤቱ ሊኖር ይችላል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሰውየውን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ የኪኒኑን ቆርቆሮ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪሙ የሚችለው በሽተኛውን መደገፍ ነው። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰረው ጨርቅም ሆነ ተራ የአቧራ መከላከያ ጋዙን አያግድም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸሽግ መናገር አለብን። በቤት ውስጥ የተቀመጠ መርዝ በጭንቅና በንዴት ሰዓት የሰው ሕይወት ያጠፋል፤ የአገራችን ሆስፒታሎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ጸረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ከገበያ ስታወጣ በዚህ ምክንያት የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር በጣም ቀንሷል፤ የእርሻ ምርቷ ግን በእገዳው ምክንያት አልወደቀም። ኪኒኑ ከቤት ይውጣ የምንለው ለዚህም ጭምር ነው።

ሕጉን በሚመለከት፣ አገራችን ጸረ ተባዮችን የመመዝገቡንና የመቆጣጠሩን ነገር በ1982 ዓ.ም. በልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20 ጀምራ በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 674 አጠናክራዋለች። ያልተመዘገበ መድኃኒት ለገበያ እንዳይቀርብና ሻጩም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቆርቆሮው ወጥቶ በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ የሚሸጥ ኪኒን ስሙ፣ መጠኑ፣ ማስጠንቀቂያውና የሚያበቃበት ቀን ሁሉ ከቆርቆሮው ጋር ቀርቷል። ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ኪኒኑ አየር እያገኘ ኃይሉን ያጣል፤ ውኃ ከነካውም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህን የሚቸረችረው የገበያ ነጋዴ ነው እየተባለ ይነገራል። በማኅበር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከተገኘ ግን ጥፋቱ ከነጋዴው የባሰ ነው፤ አባሉ ማኅበሩን የሚያምነው እንደ ነጋዴ አይደለምና።

«ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ከማሳው ይጀምራል። ነቀዝ ከጎተራ ብቻ አይነሣም፤ በርሮ ማሳ ላይ ያለውን ደረቅ በቆሎ ይወራል፤ ስለዚህ የደረሰ በቆሎ በማሳ ላይ በቆየ ቁጥር ነቀዙን ይዞ ይገባል። የዓምናው ትርፍራፊ ሳይጠረግ አዲሱን ከላይ መገልበጥም ያው ነው። እህሉ መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ የሌለው የልማት ሠራተኛ ደረቅ ጠርሙስና ደረቅ ጨው ይበቃዋል። ጥቂት ጨውና እህል በጠርሙሱ ከቶ ክዳኑን ገጥሞ አጥብቆ ይነቅንቀው፤ ትንሽ ካቆየው በኋላ ጨዉ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ይሰጠው።

ከደረቀ በኋላ የምንመርጠው አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነው። ፒክስ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ካሜሩን ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ማከማቻ ሲባል የተጀመረ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች ከውስጥ፣ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ መሰል ከውጭ አለው። ሦስቱም ለየብቻ በደንብ ሲታሰሩ በውስጡ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ራሱ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ መብላቱንና መራባቱን ያቆማል፤ ቀስ በቀስም ያልቃል። አሠራሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ሲቀብር የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የጉድጓዱ ችግር እርጥበት ማስገባቱ ነበር። ነቀዝ የማይነካውን ጤፍ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡ እናቶችም ያደረጉት በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው።

ከረጢቱ ጉድለት የለውም አንልም። አይጥ ይበሳዋል፤ እርጥብ እህል ከገባበት ይሻግታል፤ በየቀኑ ከተከፈተም ፋይዳ የለውም፤ ስለዚህ ለቀለብ የሚሆነውን ለይቶ ሌላውን እንደታሰረ መተው ነው። ዋጋውም ከአንድ ኪኒን ጋር ሲተያይ ይከብዳል። ነገር ግን መተያየት ያለበት ከኪኒኑ ጋር አይደለም። ነቀዝ ፈርቶ እህሉን በታኅሣሥ በርካሽ ሸጦ በሐምሌ በውድ ለሚገዛ ገበሬ ያልተበሳ ከረጢት ለሌላም ዓመት ያገለግለዋል። አቅም ለሌለው ደግሞ ለጎተራ የተመዘገበ ዱቄት መድኃኒት፣ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ፣ ከተሸለቀቀ በቆሎ ጋር ተለውሶ ከኪኒኑ እጅግ በተሻለ ደኅንነት ይሠራል። ሆኖም ለቅጠል የሚረጨውን መድኃኒት ለእህል ማዋል ፈጽሞ አይቻልም፤ ይህን ደጋግሞ መናገር የልማት ሠራተኛው ፈንታ ነው።

ኪኒኑ ቦታ አለው ከተባለ ቦታው የዩኒየኑ ወይም የማኅበሩ መጋዘን ነው። ያውም የሠለጠነ ሰው፣ የማይበሳ ሸራ፣ የሸራውን ጫፍ ወለሉ ላይ የሚጫኑ ረጃጅም የአሸዋ ከረጢቶች፣ ለጋዙ የተሠራ ጭምብልና የጋዝ መለኪያ ሲኖር፣ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ዘብ ሲቆም ነው። ከሰው መኖሪያ ጋር ግድግዳ በሚጋራ መጋዘን ግን አይሞከርም። ይህን ማሟላት ያልቻለ ማኅበር ሥራውን ፈቃድ ላላቸው ባለሙያዎች ይስጥ።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። የከረጢት ጥያቄ ከየቀበሌው ተሰብስቦ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ለዩኒየኑ መድረስ፣ ከረጢቱም በጥቅምት በማኅበሩ መጋዘን መገኘት አለበት። በጥር የሚመጣ ከረጢት የሚያገኘው አስቀድሞ ነቀዝ የገባበትን እህልና ኪኒኑን ገዝቶ የጨረሰ ገበሬ ነው።