በጎረቤቷ ጥላ ሥር ስለምትኖር ከተማ

በኢጣልያ አገር ብዙውን ጊዜ በግንቦት ወር የሚደረግ፥ ስሙንም ጂሮ ዲታልያ የሚሉት የብስክሌት እሽቅድድም አለ። ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፥ ተሽቀዳዳሚዎቹ ድካማቸውን የሚያሳርፉበት ቀን በመካከሉ ይሰጣቸዋል። በ2015 ዓመተ ምሕረት ግንቦት 13 ቀን እሑድ እሽቅድድሙ ቤርጋሞ በምትባል ከተማ ደረሰ፤ ማግሥቱም ሰኞ የዕረፍት ቀን ሆነ። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የብስክሌተኛ ዕረፍት ግን መተኛት ብቻ አይደለም። መሮጥ የለመደ እግር ፈጽሞ የቆመ እንደ ሆነ በማግሥቱ ይከብዳልና፥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ ይነዳሉ። በእሽቅድድም ቀን ዓይን የሚያየው በፊት ያለውን መንኰራኵር ነው፤ በዕረፍት ቀን ግን ቀና ብሎ አገር ማየት ይቻላል። እንግዲህ በቤርጋሞ እንደዚህ ያለውን ቀን ያገኘ ሰው ወደ ኰረብታው ቢወጣ ምን ያያል?

ታላቂቱ ሚላኖ ከዚያ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባንኩም ፋብሪካውም ዝናውም በእርስዋ ዘንድ ስለ ሆነ፥ ብዙ እንግዳ ቤርጋሞን የሚያውቃት በሚላኖ ጎረቤትነትዋ ነው። በደጅዋ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ እንኳ በንግድ ስሙ ሲጠራ የሚላኖ ስም ይቀድማል። ነገር ግን ቤርጋሞ ከ1428 እስከ 1797 ድረስ ለቬኔዚያ መንግሥት አድራ፥ በሚላኖ ፊት ለፊት ጠረፍ ስትጠብቅ የኖረች ከተማ ናት። በ1561 የተጀመረው የድንጋይ ቅጥር ላይኛይቱን ከተማ ከ6 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ዙሪያ ይከባታል፤ በ2017ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከምሽቱ በ4 ሰዓት የግንቡ ደወል 100 ጊዜ ይደወላል፤ ይኸውም በቀድሞ ዘመን በሮቹ የሚዘጉበት ምልክት ነበረ። ዛሬ በሮቹ ባይዘጉም ደወሉ አልቀረም።

ፌሊቼ ጂሞንዲም በ1942 የተወለደው ከቤርጋሞ አጠገብ በሴድሪና ነው። እናቱ ደብዳቤ አዳይ ነበረች፤ እርሱም በብስክሌት እየዞረ ደብዳቤ በማደል ይረዳት ነበር። በ1965 ገና በ22 ዓመቱ የፈረንሳይን ዙር አሸነፈ። ከጥቂት ዘመን በኋላ ግን ኤዲ መርክስ የሚባል የቤልጅግ ሰው ተነሥቶ የሁሉን ስም ሸፈነ። ቢሆንም ጂሞንዲ ሥራውን አልተወም፤ በ1973 በባርሴሎና በተደረገው የዓለም ውድድር መርክስ እያለ አንደኛ ወጣ፤ በ1976ም የኢጣልያን ዙር ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ በየቤታችንም ሚላኖና ቤርጋሞ አሉ። አንዱ ልጅ በትምህርቱ የተመሰገነ እንደ ሆነ፥ ታናሹ «የእገሌ ወንድም» ተብሎ ይቀራል። እንግዳ ሲመጣ የሚጠየቀው ስለ ታላቁ ነው፤ አባትም የሚመልሰው ስለ ታላቁ ነው፤ ታናሹም ቆሞ ይሰማል። እንዲህ ሲሆን የኖረ ልጅ ወይ ተስፋውን ይቈርጣል፥ ወይ ወንድሙን ይጠላል። ልጆቹን እርስ በርሳቸው እያመዛዘነ የሚያሳድግ አባት፥ ሁለት ወልዶ አንድ ያሳድጋል።

ብዙዎቻችን በሥራ ቀን እንደ ተሽቀዳዳሚው በፊታችን ያለውን ብቻ እናያለን። ስለዚህ በዕረፍት ቀናችን አንዲቱን ሰዓት ስሙ ለማይነሣው ልጅ እንስጥ፤ የሚያውቀውን እንጠይቀው፤ ስንጠራውም በገዛ ስሙ እንጥራው።